የአማርኛ ትምህርት፤ ባንዲራ ይሰቀላል እንጂ አይነሣም

አማርኛን በመማር ላይ ያሉ ሹማምንትና የመሥሪያ ቤት ሰዎች ፊደሉን ከለዩ፣ የግሱን እርባታ ካወቁና ብዙ ቃላት ካጠኑ በኋላ አንድ አስቸጋሪ ዳገት ያጋጥማቸዋል። ቃሉን ሁሉ ያውቁታል፤ ዐረፍተ ነገሩም በሰዋስው ሕግ የቀና ነው፤ ነገር ግን አማርኛ ተናጋሪው ሲሰማቸው ፈገግ ይላል፤ ወይም ግራ ይጋባል፤ ሲብስም ያላሉትን እንዳሉ አድርጎ ይረዳቸዋል። የዚህ ነገር ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ በዛሬው ዓምዳችን ልንመለከት ወደድን።

ምክንያቱ በአጭሩ ይህ ነው። በአማርኛ ስም ሁሉ የሚስማማው ግስ አለው። ስሙን ከአማርኛ መዝገበ ቃላት ወስዶ ግሱን ከእንግሊዝኛ ወይም ከዐረብኛ እየተበደረ የሚያመጣ ሰው ቃላት ያውቃል እንጂ አማርኛ ያውቃል ለማለት አይቻልም።

ምሳሌያችንን ከካርቱም እንጀምራለን። ካርቱም ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙባት ከተማ ናት። የጥቁር ዓባይ ውሃ ከኢትዮጵያ ደጋ ስለሚወርድ፣ የሱዳንም ወሰን ከኢትዮጵያ ወሰን ጋራ ስለሚገጥም፣ በዚያች ከተማ የነበሩ የመንግሥት ሰዎች አማርኛን ለመማር በቂ ምክንያት ነበራቸው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1902) የሁለቱን አገሮች ወሰን ለመለየት የተፈረመው ውል በእንግሊዝኛና በአማርኛ የተጻፈ ሲሆን ሁለቱም ጽሑፎች እኩል የጸኑ ነበሩ። እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የአማርኛ ዐረፍተ ነገርን በትክክል ማንበብ ለካርቱም ሹም የመንግሥት ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

በዚያን ዘመን በሱዳን የሲቪል አገልግሎት ውስጥ ይሠራ የነበረ ካርል ሁበርት አርምብሩስተር የተባለ ሰው አማርኛን አጥንቶ ለሌሎች ተማሪዎች የሚሆን መጽሐፍ አዘጋጀ። የመጽሐፉ ስም በላቲን «ኢኒሺያ አምሐሪካ» ይባላል፤ ትርጉሙም የአማርኛ መጀመሪያ ማለት ነው። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1908 የሰዋስው ክፍሉ፣ በ1910 ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጕመው የቃላት ክፍል፣ በ1920 ደግሞ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጕመው ክፍል የመጀመሪያው ቅጽ ታተመ። እኛን እዚህ ላይ የሚያስደስተን የመጽሐፉ ርዕስ ነው። የቃላቱን ክፍል ቃላት ብቻ ብሎ አልሰየመውም፤ «ቃላት ከሐረጎች ጋራ» አለው እንጂ። የመንግሥት ሥራ የሚሠራ ሰው ቃልን ለብቻው ነጥሎ መማር እንደማይበቃው ከመቶ ዓመት በፊት ተረድቶት ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። እንግሊዝኛ ጥቂት ግሶችን ለብዙ ስሞች ያገለግል ዘንድ ያሠማራል። «ሜክ» የሚለውን ግስ እንመልከት። እንግሊዛዊ ቡናን፣ ዳቦን፣ ንግግርን፣ ስሕተትንና ውሳኔን ሁሉ በዚህ በአንድ ግስ ይናገራል። በአማርኛ ግን ቡና ይፈላል፤ ዳቦ ይጋገራል፤ ንግግር ይደረጋል፤ ስሕተት ይሠራል፤ ውሳኔ ይሰጣል። አንዱ ግስ አምስት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ «ሜክ በአማርኛ ምንድር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ መልስ አያገኝም፤ መጠየቅ የሚገባው «ከዚህ ስም ጋራ የሚሄደው ግስ ማን ነው?» ብሎ ነው።

ይህንን ለመማር ከቤት የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ወደ ጓዳ ብንገባ እመቤቲቱ እንጀራ ትጋግራለች፤ ወጥ ትሠራለች፤ ጠላ ትጠምቃለች፤ ጠጅ ትጥላለች፤ ገንፎ ታገነፋለች፤ ቅቤ ታነጥራለች። ቡናው ራሱ በየደረጃው ግስ ይለውጣል፤ ይቈላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፣ ይቀዳል፣ ከዚያ በኋላ ይጠጣል። የካርቱም ሰው ጀበና የሚለውን ስም ከእኛ ጋራ ስለሚጋራ እዚህ ላይ ስሙን መማር አያስፈልገውም፤ ግሱን ብቻ ቢይዝ ይበቃዋል።

ከጓዳ ወጥተን ልብስ ወደሚለበስበት እልፍኝ ብንሄድም እንደዚሁ ነው። እንግሊዛዊ ከራስ እስከ እግር ያለውን ሁሉ በአንድ ግስ ይለብሳል። በአማርኛ ግን ሸሚዝ ይለበሳል፤ ቀበቶ ይታጠቃል፤ ካባ ይደረባል፤ ጫማ ይጫማል፤ ቆብ ይደፋል፤ ቀለበት ይጠለቃል። በካርቱም ጎዳና የሚታየው ሽማግሌ ነጭ ጀላቢያውን ለብሶ፣ ነጭ ጥምጥሙን ጠምጥሞ ይወጣል እንጂ ጥምጥሙን ለብሶ አይወጣም።

እስከዚህ ድረስ የጠቀስናቸው ስሕተቶች ቢያስቁ እንጂ የሚጎዱ አይደሉም። «ጠጅ ሠራች» ያለውን ሰው ማንም ይረዳዋል። ወደ መሥሪያ ቤት ስንመጣ ግን የግስ ስሕተት የነገሩን ፍሬ ይለውጠዋል። እስኪ አራት ምሳሌዎች እናቅርብ።

የመጀመሪያው ባንዲራ ነው። በ1940 ሐምሌ ወር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ አገር ስደታቸው ካርቱም ደረሱ። በዚያው ዘመን ሕዝቡን ለማነሣሣት «ባንዲራችን» የሚባል የአማርኛ ጋዜጣ በካርቱም ይዘጋጅ ነበር። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. (1941) ንጉሠ ነገሥቱ የሱዳንን ወሰን ተሻግረው በኦሜድላ የኢትዮጵያን ባንዲራ ሰቀሉ። እንግሊዛዊ ይህንን ሲናገር ባንዲራውን «ከፍ አደረጉ» ወይም «አነሡ» በሚል ግስ ይገልጸዋል። አማርኛ ተማሪው ይህንኑ ተከትሎ «ባንዲራውን አነሡ» ቢል ግን ሰሚው ባንዲራው ከነበረበት ቦታ ተወሰደ ብሎ ሊረዳው ይችላል፤ አነሣ ማለት ወደ ላይ መያዝም፣ ከቦታ ማስወገድም ነውና። እንግዲህ በግስ ስሕተት ብቻ የነጻነት ቀን የሽንፈት ቀን ሊመስል ነው። ባንዲራ ይሰቀላል፤ በነፋስ ይውለበለባል፤ ማታ ይወርዳል።

ሁለተኛው ቃል ነው። እንግሊዛዊ «ቃሌን እሰጥሃለሁ» ሲል ተስፋ መስጠቱ ነው። በአማርኛ ግን ቃሉን ሰጠ ማለት በፖሊስ ወይም በዳኛ ፊት ተጠይቆ የሚያውቀውን ተናገረ ማለት ነው። ተስፋ የሚሰጥ ሰው ቃል ይገባል፤ የገባውን ቃል የሚፈጽም ቃሉን ይጠብቃል፤ የማይፈጽም ቃሉን ያጥፋል። አንድ የውጭ አገር ሹም ለባለጕዳይ «ነገ ቃሌን እሰጥዎታለሁ» ቢለው፣ ባለጕዳዩ ሹሙ ምን ወንጀል ቢገኝበት ነው ብሎ ሳይደነቅ አይቀርም።

ሦስተኛው እጅ ነው። በእንግሊዝኛ እጅ መስጠት መርዳት ነው። በአማርኛ እጁን ሰጠ ማለት ተማረከ ማለት ነው። በወሰን ላይ ያለ መኮንን «ለእናንተ እጃችንን ልንሰጥ መጥተናል» ብሎ ቢናገር እርዳታ ያመጣ መሆኑን ማንም አይጠረጥርለትም። መርዳትን ለመናገር የእርዳታ እጁን ዘረጋ ይባላል። እጅ ነሣ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ በታላቅ ሰው ፊት ዝቅ ብሎ ሰላምታ አቀረበ ማለት ነው።

አራተኛው እርምጃ ነው። በእንግሊዝኛ እርምጃ መውሰድ ለማናቸውም በጎ ሥራ ይነገራል፤ መንገድ ለመጥረግም ቢሆን፣ ውሃ ለማስገባትም ቢሆን። ሐረጉ ወደ አማርኛ ከገባ በኋላ ግን ክፉ ዘመን አገኘው። በደርግ ዘመን (ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.) በአንድ ሰው ላይ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» ከተባለ ያ ሰው ተገደለ ማለት ነበረ። ዛሬም ቢሆን በሰው ላይ እርምጃ ተወሰደ ሲባል ቢያንስ ተቀጣ ማለት ነው። ስለዚህ የሠራተኛውን አቤቱታ ተቀብሎ መልካም ሊያደርግለት የሚያስብ ሹም «በሠራተኛው ላይ እርምጃ እንወስዳለን» ብሎ ቢጽፍ ደብዳቤው ያንን ምስኪን እንቅልፍ ያሳጣዋል። «ለጕዳዩ መፍትሔ እንሰጣለን» ማለት ነበረበት።

ውሃም በካርቱም ላለ ሹም መጠናት ያለበት ስም ነው። ከላይ የጠቀስነው የ1894 ዓ.ም. ውል ሦስተኛ አንቀጽ ከጥቁር ዓባይ፣ ከጣና ባሕርና ከሶባት ወደ ዓባይ የሚወርደውን ውሃ ስለሚያግድ ሥራ ይናገራል። በዚህ አንቀጽ ውስጥ ያለው ግስ ምን ያህል እንደሚከለክል ሊቃውንት ብዙ ተከራክረውበታል። ተማሪ ሆይ፣ በአማርኛ ወንዝ ሲደፈን አንድ ነገር ነው፤ ሲገደብ ሌላ ነው፤ ሲጠለፍ ሌላ ነው፤ ውሃው ሲቀዳ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። የተደፈነ ወንዝ አያልፍም፤ የተገደበ ወንዝ በልክ ሊለቀቅ ይችላል፤ የተጠለፈ ወንዝ በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ ውሃ የቀዳ ግን የሚያሻውን ያህል ብቻ ወስዶ ወንዙን በቦታው ይተወዋል። በአራቱ ግሶች መካከል ያለውን ልዩነት የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ለመተርጐም ብዕር ባያነሣ ይሻላል።

እስካሁን የተናገርነው ከእንግሊዝኛ ስለሚመጣው ስሕተት ነው። በካርቱም ያለ ተማሪ ግን ዐረብኛም በአፉ አለ፤ ዐረብኛም የራሱ ልማድ አለው። በጽሑፍ ዐረብኛ ተናጋሪው ንግግሩን «ይጥላል»፤ ሰዎች ስብሰባን «ያስራሉ»፤ በሱዳን የአነጋገር ዐረብኛ ደግሞ ሰው ለወዳጁ ስልክ «ይመታለታል»። እነዚህ በዐረብኛ ያማሩ ናቸው። በአማርኛ ግን «ሚኒስትሩ ንግግር ጣሉ» ቢባል ወረቀቱ ከእጃቸው የወደቀባቸው ይመስላል። ንግግር ይደረጋል፤ ስብሰባም ይደረጋል፤ ስልክ ይደወላል።

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚገናኙበት ቦታም ስላለ ተማሪው ተስፋ አይቍረጥ። በዐረብኛ የድኻ አደግ ገንዘብ ይበላል፤ በአማርኛም ይበላል። ጉቦም ይበላል። አደራ የሚለው ስም ግን ልዩ ትኵረት ይገባዋል፤ አደራ ይሰጣል፣ አደራ ይቀበላል፣ አደራ ይጠበቃል፤ የተሰጠውን አደራ የካደ ሰው ደግሞ አደራ በላ ይባላል። ለሹም ከዚህ የከፋ ስም የለም።

አንዳንድ ተማሪዎች ግሱ ብቻውን ምን ማለት እንደ ሆነ ማወቅ ይበቃቸዋል ብለው ያስባሉ። ይህ እንዳይመስላቸው አሁን የጠቀስነውን ጣለ የሚለውን ግስ እንመርምር። መዝገበ ቃላት ሲገልጡ መወርወር ወይም ከእጅ መልቀቅ የሚል ትርጕም ያገኛሉ። ነገር ግን ዶሮ ዕንቍላል ትጥላለች፤ ሰማይ ዝናብ ይጥላል፤ መንግሥት ግብር ይጥላል፤ ወንድማማቾች ርስት ሲካፈሉ ዕጣ ይጥላሉ፤ ሕንጻ የሚሠራ ሰው መሠረት ይጥላል፤ የሚያምነውን ያገኘ ሰው እምነቱን በእርሱ ላይ ይጥላል። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ መወርወር ያለበት የለም። ግሱን ከነስሙ ያላጠና ሰው መንግሥት ግብር ጣለ ሲባል ግብሩ የቀረለት መስሎት ደስ ሊለው ይችላል፤ የተጣለውን ግብር የሚከፍለው ግን እርሱ ነው።

ሥራ የሚለውም ስም እንደዚሁ ነው። ሥራ ያዘ፣ ሥራ ገባ፣ ሥራ ለቀቀ የሚሉት አያስቸግሩም። ሥራ ፈታ የሚለው ግን ያስታል፤ ሥራውን ጨረሰ ማለት ሳይሆን ያለ ሥራ ተቀመጠ ማለት ነው። በበታቹ ላይ ምስክርነት የሚሰጥ አለቃ ይህንን ቢሳሳት ሰውዬውን ያለ ጥፋቱ ይጎዳዋል።

እንግዲህ እንዴት እንማረው? ይህ ጥያቄ በአማርኛ ብቻ የተነሣ አይደለም። ሃሮልድ ፓልመር የተባለው እንግሊዛዊ መምህር የጃፓን ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ይህንኑ ችግር ሲቸገሩበት አይቶ፣ አብረው የሚሄዱ ቃላትን ሰብስቦ በ1933 በቶኪዮ አሳተመ። በእኛም ቋንቋ ቮልፍ ሌስላው በ1973 ያሳተመው የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ ያሳያል። አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ ያዘጋጁት «የአማርኛ ፈሊጦች» የሚለው መጽሐፍም ከተማሪ ጠረጴዛ ሊለይ አይገባም። እኛም በበኩላችን ሦስት ምክር እንለግሳለን።

አንደኛ፤ በደብተራችሁ ላይ ስምን ለብቻው አትጻፉ። ቀጠሮ ብላችሁ ከመጻፍ ቀጠሮ ሰጠ፣ ቀጠሮ ያዘ፣ ቀጠሮ አከበረ፣ ቀጠሮ አፈረሰ ብላችሁ ጻፉ። በአማርኛ ግስ በዐረፍተ ነገር መጨረሻ ስለሚመጣ ሰሚው ስሙን ሰምቶ ግሱን ይጠባበቃል፤ የተጠበቀው ካልመጣ ዐረፍተ ነገሩ በመጨረሻው ሰዓት ይፈርሳል።

ሁለተኛ፤ ከመሥሪያ ቤታችሁ ሥራ ጀምሩ። ክስ ይመሠረታል፤ ዋስ ይጠራል፤ ምስክር ይቈጠራል፤ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ ማኅተም ይመታል፤ መዝገብ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ዐዋጅ ይታወጃል። በየቀኑ አምስት ብቻ ብትይዙ በወር አንድ መቶ አምሳ ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ጋዜጣ ስታነቡ ስሙን በአንድ መስመር፣ ግሱን በሁለት መስመር አስምሩበት። እንዲህ ያደረገ ሰው ከአንድ ገጽ የሚያገኘው ትምህርት ከብዙ ገጽ የቃላት ዝርዝር ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ትጋት ለምን ያስፈልጋል የሚል ቢኖር ወደ ወሰኑ ይመልከት። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (2023) በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ሱዳናውያንም፣ በሱዳን ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያንም በገላባትና በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። ቤቱን ጥሎ የመጣ ሰው በወሰን ላይ የሚቀበለው ሹም ቃሉን እንዲሰጥ ሲጠይቀው፣ አስተርጓሚው «ቃል እንድትገባ ይፈልጋል» ብሎ ቢያስተላልፍለት፣ ያ ሰው ያየውን በመናገር ፈንታ የማያውቀውን ተስፋ ሊሰጥ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ሰጠና ገባ የሚሉት ሁለት ትንንሽ ግሶች የሰውን ዕድል ይለያሉ።

ለልምምድ የሚሆኑ አራት የተሳሳቱ ዐረፍተ ነገሮች ከዚህ በታች አሉ። መልሱን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ሞክሩት።

«ስብሰባው ነገ ቦታ ይወስዳል።» መልስ፤ ስብሰባው ነገ ይደረጋል።

«ነገ እንደምመጣ ቃሌን እሰጥዎታለሁ።» መልስ፤ ነገ እንደምመጣ ቃል እገባልዎታለሁ።

«በጉዞዬ ጉንፋን ያዝሁ።» መልስ፤ በጉዞዬ ጉንፋን ያዘኝ። በአማርኛ በሽታ ሰውን ይይዛል እንጂ ሰው በሽታን አይዝም።

«የወንዞቹን መገናኛ ፎቶግራፍ ወሰድሁ።» መልስ፤ የወንዞቹን መገናኛ ፎቶግራፍ አነሣሁ። ፎቶግራፍ ወሰደ ማለት የተነሣውን ሥዕል ይዞ ሄደ ማለት ነውና። ለባንዲራ የከለከልነው ግስ ለፎቶግራፍ ትክክለኛው ሆኖ መገኘቱን ልብ በሉ።

በሚመጣው ሳምንት ስለ ሆድና ስለ ልብ የሚነገሩትን ግሶች እንመለከታለን። እስከዚያው አንድ ጥንድ ለጥናት እንተውላችሁ። በአማርኛ ጦርነት ይነሣል፤ ሰላም ግን ይወርዳል። ለካርቱምም ሰላም እንዲያወርድላት እየተመኘን የዛሬውን ትምህርታችንን እዚህ ላይ እናበቃለን።